ቁጥሩን ተወው፣ እግርህን አምጣ

ጋሽ ኸይሩን ማወቄ ያስከፈለኝ ሰባት ጥንድ ታኬታና ሃያ ስድስት ቅዳሜ ነው። ነጋዴ የገዛበትን ዋጋ ሳይጨምር ሲናገር ሰምታችሁ የማታውቁ ከሆነ፣ ይኸው ሰማችሁ።

አሁን የሉም። ይቺን «የሉም» የምትል ቃል ስናገር መጠንቀቅ እንዳለብኝ የገባኝ ባለፈው ሳምንት ነው። አንድ ጎልማሳ ከአያት ሰፈር ድረስ መጥቶ ሱቁ በር ላይ ቆመና፣ ገና ሰላም ሳይል ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር መፍታት ጀመረ። የጋሽ ኸይሩ ደንበኛ በዚህ ይታወቃል። ሌላው ሰው ሱቅ ሲገባ ኪሱን ይዳብሳል፣ የሳቸው ደንበኛ ጫማውን ያወልቃል። ቀና ሲል በሳቸው በርጩማ ላይ የተቀመጥኩት እኔ ሆንኩበት።

«ጋሽ ኸይሩስ?»

«የሉም።»

ሰውዬው አንድ እግሩን እንዳወለቀ ቀረ። እጁን ደረቱ ላይ አደረገ።

«መቼ?»

«ጥር ላይ።»

«ምን አግኝቷቸው?»

«ጉልበታቸው። ቡታጅራ ገብተዋል፣ በርበሬ እየኮተኮቱ ነው።»

«አንተ ሰውዬ!» አለና ያወለቀውን ጫማ አነሳብኝ። «በሕይወት ያለ ሰው እንዲህ ነው የሚነገረው? ነፍስ ይማር ልል ነበር እኮ!»

ማታ ስልክ ደውዬ ነገርኳቸው። ሳቁና «ሸጥክለት?» ሳይሆን «እግሩን አየህለት?» አሉኝ። ሰውዬው እንዲህ ናቸው።

መጀመሪያ ሱቁን ልንገራችሁ። ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ የእኛ ብሎክ፣ ምድር ወለሉ ላይ፣ በጸጉር ቤቱና በጁስ ቤቱ መሀል የተጨመቀች አንድ በር ናት። ታኬታ፣ የሩጫ ጫማ፣ የቮሊቦል መረብ፣ ፊሽካ፣ የጉልበት ማሰሪያ፣ ኳስ መንፊያ። ከዕቃው በላይ ግን ግድግዳውን የሞላው ካርቶን ነው፤ ባዶ የጫማ ካርቶን ተቀዶ፣ በላዩ ላይ የሰው እግር በእስክሪብቶ ዙሪያውን ተሥሎ፣ ስም ተጽፎበት። ስሙ ስር አንዳንድ ነገር ይጨመራል። «ተረከዙን ይጎትታል።» «ትንሿ ጣት ታስቸግራለች።» «እቸኩላለሁ ይላል፣ አትስማው።»

ጫማ ልግዛ ያላቸውን ሰው ቁጥሩን አይጠይቁትም። እሱ በራሱ «አርባ ሁለት» ካለ፣ እጃቸውን ዝንብ እንደሚያባርር ሰው ያወዛውዙና «ቁጥሩን ተወው፣ እግርህን አምጣ» ይሉታል። ካርቶኑ ላይ ያስቆሙታል፣ ይሥሉታል፣ ጫማውን ያለብሱታል፣ በአውራ ጣታቸው ጫፉን ጫን አድርገው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፤ ሐኪም ደረት ሲያዳምጥ አይታችኋል? እንደዚያ ነው። በዚህም አያበቃም። «በል ደረጃውን ወጥተህ ሁለተኛ ፎቅ ድረስ፣ ከዚያ እየሮጥክ ውረድ።» ጫማ ዋሽቶ እንደሆነ ወደ ታች ስትወርድ ነው የሚጋለጠው ይሉ ነበር። ክብራቸውን የጠበቁ ባለ ከረቫት ሰዎች፣ ከሜክሲኮ አደባባይ ባንኮች ለምሳ ወጥተው፣ የኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ በካልሲና በአዲስ ጫማ ሲንደረደሩ በዓይኔ አይቻለሁ። የገዙትም ያልገዙትም ላባቸውን እየጠረጉ፣ እየሳቁ ነበር የሚሄዱት።

እኔ ደግሞ አራተኛ ፎቅ ነበርኩ።

ንግድ የተማርኩት ሜክሲኮ አደባባይ ነው፣ ካልሲ በካርቶን እያዞርኩ። እዚያ ሁለት ትምህርት ብቻ ነው ያለው፤ አንደኛው ፈጥኖ መሸጥ፣ ሁለተኛው ደንብ አስከባሪ ሲመጣ ፈጥኖ መሮጥ። ሁለቱንም በማዕረግ ጨርሻለሁ። ከዚያ ስልክ መጣልኝ። ቻናል ከፍቼ፣ ዱባይ ካለ ሰው የጫማ ፎቶ እየተላከልኝ፣ ከመኝታ ቤቴ መሸጥ ጀመርኩ። የሱቅ ኪራይ የለ፣ መብራት የለ፣ «ና ግባ» ብሎ መለመን የለ። ዋጋዬ ከታችኛው ሱቅ ሁሌም ትንሽ ይቀንሳል።

አንድ ችግር ብቻ ነበረብኝ። ሰው ጫማ በስልክ ሲያይ «ይሆነኝ ይሆን?» ብሎ ይፈራል። መድኃኒቱን ለማግኘት ሩቅ አልሄድኩም። «እታች አንድ ሱቅ አለ፣ ግባና ለካ፤ ቁጥርህን ስታውቅ ወደኔ ና» እላለሁ። ሕዝቡ ጋሽ ኸይሩ ዘንድ ይገባል፣ ይሣላል፣ ይሮጣል፣ «እመለሳለሁ» ይላል፣ ከዚያ ወደኔ ይወጣል። ሁለት ዓመት ሙሉ ሽማግሌው ለኔ በነጻ ሲሠሩልኝ ኖሩ። ብልጥነቴ ራሴን እያስደነቀኝ እንቅልፍ እምቢ ያለኝ ቀን ነበር።

አንድ ቀን አንዲት የባንክ ሠራተኛ የሩጫ ጫማ ፈልጋ ሽቅብ ወጣች። ትንፋሿ ሲመለስ ከቦርሳዋ የተቀደደች ካርቶን አወጣች።

«እታች ያሉት አባት ይቺን ስጪው ብለውኛል።»

እንዲህ ይላል፤ «ለአራተኛ ፎቅ። የዚች ልጅ ቀኝ እግር ከግራው በግማሽ ቁጥር ይበልጣል። በቀኙ ለካ። ነጩን እንዳትሰጣት፣ ተረከዙ ያንሸራትታታል። ኸይሩ።»

ፊቴ ጋለ። ያውቁ ነበር! ያውቁ ነበርና «እመለሳለሁ» ያለውን ሁሉ «እሺ» ብለው ሸኝተው፣ እኔ ሰውን እንዳላበላሽባቸው ማዘዣ ይጽፉልኝ ጀመር። ታዲያ ምን ያደረግኩ ይመስላችኋል? ነጩን ሸጥኩላት። የነበረኝ ነጩ ነበራ። በሁለተኛው ሳምንት ጫማውን ይዛ መጣች፣ ግን ወደኔ አልወጣችም። እሳቸው ከውስጥ ተረከዙ ላይ ስፖንጅ ለጥፈው አስተካከሉላት። ቻናሌ ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ተብሎ በቀይ ስለተጻፈ እኔ ዘንድ ማንም አይመለስም ነበር።

አሁን ወደ ሰባቱ ጥንድ እንምጣ።

የኮንዶሚኒየማችን ቡድን በየዓመቱ ከሰንጋ ተራ ልጆች ጋር አንድ ግጥሚያ ያደርጋል። ዋንጫ የለውም፣ ሽልማት የለውም፤ ያለው ስድብ ነው። ሦስት ዓመት በተከታታይ ተሸንፈን፣ ሜክሲኮ የታክሲ ሰልፍ ላይ የሰንጋ ተራ ልጅ ካየን ምንም ሳይናገር ሦስት ጣቱን ያሳየናል። ትልቅ ሰው፣ ልጆች ያሉት፣ ቦርሳ የያዘ፣ ሦስት ጣት! በአራተኛው ዓመት ብሎኩ በሙሉ አዋጣና ለሃያ ሁለት ተጫዋች አዲስ ታኬታ ይገዛ ተባለ።

አምበሉ ናቲ የመብራት ሠራተኛ ነው፣ ቀጥ ያለ ልጅ። መጀመሪያ የሄደው ወደ ጋሽ ኸይሩ ነው።

«ሃያ ሁለቱም ይምጡ» አሉት።

«ጋሽ ኸይሩ፣ ሰው ሥራ ላይ ነው፤ ቁጥራቸውን ጽፌ ላምጣልዎት።»

«ቁጥሩን ተወው፣ እግራቸውን አምጣ።»

ናቲ ደረጃውን ወጣ። እኔ «ቁጥሩን በስልክ ላክልኝ፣ አለቀ» አልኩት። አለቀ። በሕይወቴ ትልቁ ትዕዛዝ በአንድ መልእክት ገባ፣ ከጋሽ ኸይሩ እጅ ወጥቶ። የቡድኑን ብር፣ የራሴንም ጨምሬ ወደ ዱባይ ላክሁ።

ዕቃው የደረሰው ለእሑዱ ግጥሚያ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው፣ ዓርብ ጠዋት። ናቲና ሁለት ተጫዋቾች ወጥተው ለኩ። እግራቸው ጀልባ ውስጥ የተቀመጠ መሰለ። ለሌሎቹ ተደወለ፣ መጡ፣ ለኩ። ሁሉም ሰፊ! ሃያ ሁለቱም!

«ብራችንን» አለ ናቲ። አልጮኸም፤ ቢጮህ ይሻለኝ ነበር።

«የጠየቃችሁትን ቁጥር ነው ያመጣሁት። ጫማው ላይ ተጽፏል፣ እይ።»

«እግራችን ማንበብ አይችልም።»

ብሩ የለም። ከየት ላምጣው? «እሑድ ድረስ አስተካክላለሁ» አልኩ፣ እንዴት እንደሆነ ሳላውቅ። «አንድ ታኬታ፣ አንድ ብቻ፣ ሜዳ ላይ ከእግር ከወለቀ የሃያ ሁለታችሁንም እመልሳለሁ።»

«ሰው ሁሉ ሰምቷል» አለ ናቲ። ደረጃው ላይ ሠላሳ ያህል ጎረቤት ቆሞ ነበርና፣ ሰምቷል። አንድ ጫማ ብትወልቅ ቻናሉንም ዕቃውንም ሸጬ ወደ ካልሲ ካርቶኔ፣ ወደ ሜክሲኮ አደባባይ መመለሴ ነው። ያውም በዚህ ዕድሜዬ መሮጥ አልችልም።

አራቱን ፎቅ ወረድኩ። ሱቁ ዝግ ነው፤ ጁምዓ ሄደዋል። ደፉ ላይ ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ። የጁስ ቤቷ ልጅ ብቅ ብላ «ጁስ ላምጣልህ ወይስ ሀዘን ነው?» አለችኝ። ከሰዓት በኋላ ጋሽ ኸይሩ ነጭ ኮፍያቸውን እንዳደረጉ፣ ቁልፋቸውን እያቅጨለጨሉ መጡ።

«አራተኛ ፎቅ! ምነው፣ ሊፍት ገባላችሁ እንዴ?»

«ጋሽ ኸይሩ፣ ተበላሽቶብኛል።»

«ምኑ?»

«ታኬታው። ሃያ ሁለቱም ሰፋ።»

በሩን ሊከፍቱ የዘረጉት እጅ አየር ላይ ቆመ። የወሰድኩባቸውን ትዕዛዝ ያነሱብኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ። እሳቸው ግን ፊታቸው ጭራሽ በራ፤ እንቆቅልሽ የተሰጠው ሰው ዓይነት።

«ሃያ ሁለቱም? አንድም ያልሰፋው የለም?»

«አንድም።»

«ወላሂ ደስ ይላል! ሃያ ሁለት ሰው በአንድ ዓይነት አይሳሳትም። አንድ ቦታ የተማሩት ነገር አለ። አንተ ስንት ቁጥር ነህ?»

«አርባ ሦስት።»

«አውልቅ።»

«እኔ እኮ ጫማ ሻጭ ነኝ፣ ጋሽ ኸይሩ።»

«አውልቅ አልኩህ።»

ካርቶኑ ላይ ቆምኩ። ሣሉኝ። አርባ አንድ። ደግመው ለኩኝ፤ አርባ አንድ። ሁለት ዓመት ጫማ ስሸጥ የራሴን እግር አላውቀውም ነበር።

«የመጀመሪያ ጫማህን ማን ገዛልህ?»

«እናቴ። መርካቶ።»

«ስንት ጨምራ ገዛችልህ?»

ትዝ አለኝ። «ያድግበታል» ብላ ሁለት ቁጥር ጨምራ፣ ጫፉ ላይ ጋዜጣ ጠቅጥቃ። እግሬ ደረሰበት ሲባል እንደገና ሁለት ጨምራ። ስጎለምስ የራሴን ስገዛም ያችን ሁለት ይዤ ነው የገዛሁት። ጠበብ ያለ ጫማ ስለብስ የተሰረቅኩ ይመስለኛል፤ ስለዚህ ወፍራም ካልሲ፣ ክሩን ጥርቅም።

«ተመልከት» አሉ ጋሽ ኸይሩ፣ በርጩማቸው ላይ እየተመቻቹ። «እዚህ ከተማ ውስጥ በልኩ የተገዛለት ልጅ የለም። እናቶቻችን ሁለት ጨመሩ፣ ደግ አደረጉ፣ ብር አልነበራቸውም። እኛ ግን ማደግ ካቆምን በኋላም እያደግን ነው የምንገዛው። ለዚህ ነው እግርህን አምጣ የምለው። አሁን ሂድ፤ ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ ሃያ ሁለቱም፣ ታጥበው።»

ከሦስቱ ትእዛዞች ሦስተኛውን የፈጸሙት ግማሾቹ ናቸው። ቅዳሜ ጠዋት ሃያ ሁለት ጎረምሳ በባዶ እግሩ ከሱቁ በር እስከ ጸጉር ቤቱ ተሰለፈ፤ የጸጉር ቤቷ ባለቤት መስኮቷን ዘጋች፣ በሩንም ዘጋች፣ በመጨረሻ እሷም ወጥታ ታይ ጀመር። ሃያ ሁለቱ ጥንድ አስፋልቱ ላይ በቁጥር ተራ ተደርድሯል፤ ከአርባ አንድ እስከ አርባ አምስት። ጋሽ ኸይሩ ይሥላሉ፣ ትክክለኛውን ቁጥር ይጠራሉ፣ እኔ ከሰልፉ ውስጥ ፈልጌ አቀብላለሁ።

«ናቲ! ያዘዝከው?»

«አርባ ሦስት።»

«አርባ አንድ ነህ። ቀጥል!»

ያኔ ገባኝ፣ ጭንቅላቴ ውስጥ እንደ መብራት ቦግ አለ። ሁሉም ሁለት ጨምሯል። ስለዚህ የናቲ አርባ ሦስት ባለቤቱ ሌላ ሰው ነው፤ አርባ አምስት ያለው ሰውዬ! ጫማው አልተበላሸም፤ ሰው ነው የተቀያየረው!

በረኛው ቶሎሳ ግን አሻፈረኝ አለ። ሁለት ሜትር ሊሞላ ትንሽ የቀረው ልጅ ነው።

«አርባ አምስት ነኝ!»

«አርባ ሦስት ነህ።»

«ጋሽ ኸይሩ፣ ሰፈሩ በሙሉ የሚያውቀኝ በአርባ አምስት ነው! በእግሬ ነው የታወቅኩት!»

«ታዲያ ሰፈሩ ይልበሰው። አንተ ይሄንን ልበስ።»

ለበሰው። ቆመ። ሁለት ጊዜ ዘለለ። ከዚያ ፊቱ ላይ የሆነውን ነገር እስከ ዛሬ አልረሳውም፤ ሠላሳ ሊሞላው የቀረበ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ልኩን ሲለብስ። «እንዴ!» አለ። «መሬቱ ቀረበኝ!» ሰልፉ በሳቅ ፈነዳ። ከዚያ በኋላ ማን ይያዘው? «የኔን ስጠኝ!» «የማን ነው ይሄ?» «ያንተን አርባ ሁለት ወዲህ በል!» ገበያ ሆነ። መንገደኛው ቆመ፣ ከጁስ ቤቱ ብርጭቆ ይዞ የወጣ አለ፣ አንድ የማላውቀው ሰውዬ ሰልፍ ውስጥ ገብቶ ጫማውን አውልቆ ተገኘ።

አሥራ አምስቱ ተጫወቱ፣ ማለቴ ተቀያየሩ። ሰባት ቀሩ፤ እግራቸው ሠላሳ ዘጠኝና አርባ የሆኑ። አስፋልቱ ላይም ሰባት ጥንድ ቀረ፤ አርባ አራትና አርባ አምስት፣ ባለቤት የሌለው። ጋሽ ኸይሩ ተነስተው ወደ ጓዳ ገቡና ካርቶን በካርቶን ላይ ደርድረው ወጡ። ሰባት ጥንድ፣ ሠላሳ ዘጠኝና አርባ፣ ከራሳቸው መደርደሪያ።

«እነዚህን ይልበሱ። ትልልቆቹን ተውልኝ።»

«አርባ አምስት ማን ይገዛዎታል?»

«እሱ ያንተ ጉዳይ አይደለም። አሁን ደረጃ!»

ሃያ ሁለት ታኬታ በሲሚንቶ ደረጃ ላይ አንድ ላይ ሲወርድ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ብሎኩ ተናጋ። ከሦስተኛ ፎቅ አንዲት እናት «ምን መጣብን!» ብለው በነጠላ ወጡ። ጋሽ ኸይሩ ከታች ዓይናቸውን ጨፍነው ቆመዋል፣ ጆሯቸውን ሰጥተው።

«አራተኛው! ግራህ ይጮሃል፣ ክሩን አንድ ቀዳዳ ወደ ላይ!»

ዓይናቸው ሳይገለጥ! አራተኛው ልጅ ቆመ፣ አሰረ፣ ወረደ። አልጮኸም።

እሑድ ሜዳው ሞላ። ሰንጋ ተራዎች በአንድ ወገን ሦስት ጣታቸውን ቀስረው ይዘምራሉ፣ የእኛዎቹ በሌላው ወገን አቧራ ውስጥ ይዘላሉ። እኔ ኳስ አላየሁም። ያየሁት አርባ አራት ጫማ ነው፣ ሃያ ሁለቱ የኛ፣ ሃያ ሁለቱ የነሱ። የኛ ልጅ እግሩን ባነሳ ቁጥር ልቤ አብሮ ይነሳል። ጎል ገባ፣ ሰው አቀፈኝ፣ ማን እንዳገባ አላወቅኩም። ገባብን፤ አላለቀስኩም። ሁለት ለሁለት ሆነ። አንዷ ታኬታ ብትወልቅ ነው የኔ ጨዋታ የሚያልቀው፣ ናቲም እየሮጠ አንዳንዴ ወደኔ ያይ ነበር፣ አሁንም እንዳልረሳው ሊነግረኝ።

ሊያልቅ ሲል ከቡድኑ ትንሹ ያሬድ፣ ባለ ሠላሳ ዘጠኙ፣ ኳሷን ከመሀል ይዞ ገሰገሰ። የሰንጋ ተራው ተከላካይ ሊመታት እግሩን ወደ ኋላ ወስዶ በሙሉ ጉልበቱ ሲሰነዝር፣ አንድ ጥቁር ነገር ወደ ሰማይ በረረ።

ታኬታ!

መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ሰው ይጮሃል፣ ይዘላል፣ ይረግጠኛል። «ወለቀች» አልኩ፤ «አለቀልኝ።» ከዚያ ነው ያሬድ መረቡ ስር ሲንከባለል ያየሁት፣ ሁለቱንም ታኬታዎቹን እንደለበሰ። የበረረችው የተከላካዩ ነበረች! ሦስት ለሁለት! አላስታውስም፣ የማላውቃቸውን ሰዎች ሳምኩ፣ የሰንጋ ተራ ደጋፊም ሳይቀር ስሜአለሁ መሰለኝ።

ፊሽካ ሲነፋ ወደ ጋሽ ኸይሩ ሮጥኩ። መስመሩ ዳር በእርጋታ ቆመዋል።

«አሸነፍን!»

«አልሐምዱሊላህ። ስንት ለስንት?»

«አላዩም እንዴ?»

«እግራቸውን ነበር የማየው። የአምበላችሁ የቀኝ አውራ ጣት ትንሽ ትጠብበታለች፣ ነገ ይምጣ።»

ይህን እየተባባልን የሰንጋ ተራው ተከላካይ በአንድ ካልሲ እያነከሰ መጣ። ጥቁሯን ታኬታ በእጁ ይዟታል።

«አንተ! ባለ ቻናሉ አንተ አይደለህም? ይቺን ከማን እንደገዛሁ ታውቃለህ?»

አወቅኩ። ቀለሟንም፣ «አይመለስም» የሚለውን ቀይ ጽሑፌንም። ልጁ ግንባሩ ላይ ያለው ደም ስር ተወጥሯል፣ ከኋላው ጓደኞቹ እየመጡ ነው። ጋሽ ኸይሩ በመሀላችን ገብተው ክንዱን ያዙት።

«የመጀመሪያ ጫማህን ማን ገዛልህ፣ ልጄ?»

«ምን?»

«ካልሲህን አውልቅ እስኪ።»

ሰንጋ ተራ አወለቀ። እዚያው አቧራው ላይ በጣታቸው ዙሪያውን ሣሉት።

በነጋታው «ስንት ልክፈልዎት?» አልኳቸው። ያን ቀን የጠየቁኝን ብር ሁሉ እሰጥ ነበር፣ እውነቴን ነው፣ ይሄም አይደገምም።

«ስድስት ወር። ቅዳሜ ቅዳሜ። እዚህ በርጩማ ላይ።»

ለነጋዴ ቅዳሜ ማለት ምን እንደሆነ ነጋዴ ያውቃል። ተቀመጥኩ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወር ክር ብቻ እንድፈታ ነው የተፈቀደልኝ። መሸጥ አይቻልም፣ ዋጋ መናገር አይቻልም። ወደ አመሻሹ «ስንት ሸጥን?» ስላቸው «ስንት እግር አየህ?» ይሉኛል። አልቆጠርኩም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ቆጠርኩ።

ሰባቱን ትልልቆች እኔ ነኝ በቻናሌ የለጠፍኩላቸው፤ «አርባ አምስት አለ፤ ታች ወርዶ ያልተለካ አይገዛም» ብዬ። ይኼ ከተማ ስንት ግዙፍ ሰው ደብቆ እንደሚኖር አላውቅም ነበር። በሩን ጎንበስ ብለው እየገቡ «እውነት አለ?» ይላሉ በሹክሹክታ። በአራተኛው ወር አንድም አልቀረ።

አንድ ቅዳሜ ደግሞ አንድ እግር ብቻ ያለው ሰው በክራንች መጣ፤ ጂም ይሠራል፣ የቀኝ ጫማ ይፈልጋል። እኔ ሙሉውን ጥንድ ልሸጥለት አፌን ስከፍት ጋሽ ኸይሩ ቀኙን ከካርቶኑ አውጥተው በግማሽ ዋጋ ሰጡት። ግራውን መስኮቱ ላይ አስቀመጡት፣ ብቻውን።

«ይሄንን ማን ይገዛል?» አልኩ።

«ግራ እግር ያለው ሰው ነዋ።»

ሦስት ወር ተቀመጠ። በየቅዳሜው አቧራውን እጠርጋለሁ፣ በየቅዳሜው በሆዴ እስቃለሁ። በስድስተኛው ወር አንድ የሞተር አደጋ የደረሰበት ልጅ መንገድ ላይ ቆሞ በመስኮቱ አየው። ገባ፣ አውልቅ ሳይባል አወለቀ። ሲለብሰው ልክክ! ያን ቀን እኔ ነበርኩ የጮህኩት፤ ቶሎሳ ጎል ሲያድን እንደዚያ አልጮኽኩም።

ሃያ ስድስተኛው ቅዳሜ አለፈ። በሃያ ሰባተኛው ጠዋት ወረድኩ።

«ጨርሰሃል እኮ» አሉኝ።

«አውቃለሁ።»

ሁለተኛ በርጩማ ከጓዳ አወጡ።

ከዚያ ጉልበታቸው ታመመ፤ ደረጃ መውጣት ሲያቅታቸው «ከዚህ በኋላ ማንን ውረድ ልል ነው?» ብለው ቁልፉን ሰጡኝና አገራቸው ገቡ። ቻናሉን አልዘጋሁትም፤ እንጀራዬ ነው፣ ክፉ አልናገረውም። ነገር ግን ቁጥር አልቀበልም። ጅማ ያለ ሰው እግሩን ካርቶን ላይ አሥሎ በአውቶቡስ ይልክልኛል፣ ግድግዳው ላይ ስሙን ጽፌ እለጥፈዋለሁ። ብዙ ሰው ይሰለቸዋል፣ ወደ ሌላ ቻናል ይሄዳል። ከዚያ ጫማው እየሰፋው እዚህ ይመጣል፤ «እመለሳለሁ» ብሎ የወጣም ሳይቀር። «እሺ» እለዋለሁ፤ እግሩ የተሣለበትን ካርቶንም ከግድግዳው አላነሳም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ አመሻሹ ስልክ ይደወላል። በርበሬው እንዴት እንደሆነ እጠይቃለሁ፣ ስለ በርበሬው አይመልሱልኝም።

«ስንት እግር አየህ?»

ዛሬ ያየሁት ዘጠኝ ነው። ሁለት ጥንድና አንድ የቀኝ ሸጥኩ። አንድ የግራ ቀርቷል።